ባዶ የተባለው ቤት

ሳምራን ባለፈው ሳምንት በረንዳው ላይ ትቻት ነበር፤ ሻሿን እየፈታች መልሳ እያሰረች፣ ዓይኗን ከቁልቁለቱ ሳትነቅል። ዛሬም እዚያው ናት። የሚለየው፣ ያን ጊዜ የምትጠብቀው ደስታ ነበር።

ያለፈውን ያላነበባችሁ ካላችሁ፣ እኔ መብሩካ ነኝ። ሳምራ የልጄ ልጅ ናት፤ እናቷ ስትሞትብን እኔ አሳደግኳት። ፊደል አልቆጠርኩም፤ እኔ ስናገር ጎረቤቴ ሣራ ትጽፍልኛለች። አንዳንዴ ብዕሯን አንስታ «እማማ፣ እዚህ ጋ ለስለስ ቢል» ትለኛለች። አይለሰልስም። የሆነው ነገር ለስላሳ አልነበረም።

ቤታችን ከፈረንሳይ ለጋሲዮን አልፎ የእንጦጦ ዳገት ሲጀምር ነው። ታቹ ድንጋይ፣ ላዩ ጽድና ጭቃ። በረንዳው ዙሪያውን የተፈለፈለ እንጨት ነው፤ ምሰሶዎቹ ላይ የወይን ሐረግ ተቀርጾባቸዋል። ያሠሩት የባለቤቴ አባት ናቸው፣ የኮርቻ ነጋዴ ነበሩ። ደርግ ወረሰውና መልሶ ለእኛው አከራየን። የራሳችንን ቤት ለቀበሌ እየከፈልን ኖርን። ባለቤቴ ሀጂ አብደላ ሲሞት ታች ያለውን ክፍል ለጋሽ ጉደታ ሰጠሁት። ጡረተኛ ነው፤ ከሬዲዮው በቀር ዘመድ የለውም።

ባለፈው ዓመት ሰፈሩ ሊፈርስ ነው ተባለ። ጎረቤቱ ሁሉ ወደ ካራ በኩል ምትክ ቤት ሊሰጠው ተመዘገበ። «ቅርስ የሆነ ቤት ካለ ግን አይነካም» አሉ። ያንን የሚያጣራው ሙአዊያ ነው። አርክቴክት ነው፣ ሸሚዙ እንደተተኮሰ የሚውል የሲግናል ሰፈር ልጅ።

የመጣ ዕለት ሳምራ ከሥራ ገብታ ነበር፤ ወሰን ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው። የሜትሩን ጫፍ አቀበላትና «ያዢልኝ እስኪ» አላት። ያዘችለት። እሱ ወደ ኋላ እየሄደ፣ ሜትሩ በመሃላቸው እየተወጠረ፣ ቁጥሩን ማንበብ ትቶ እሷን አየ። እሷም አየችው። ከዚያ በኋላ ያንን ግድግዳ እየደጋገመ መጥቶ ለካው።

«አንተ ልጅ» አልኩት አንድ ቀን፣ «ግድግዳ ያድጋል እንዴ?»

«እማማ፣ በሥራችን ማረጋገጥ ደንብ ነው» አለኝ፣ ጆሮው ድረስ ቀልቶ።

ወደድኩት። ልደብቅ ብል ሣራ ታውቅብኛለች። በስልክ የሚጽፍላትን ሳምራ ታነብልኝ ነበር፤ መሃል ላይ ስትደርስ ዝም ትልና ወደ መጨረሻው ትዘላለች። «የዋጥሺውን ትፊው» ስላት ስልኳን ደረቷ ላይ ትለጥፈዋለች።

አንድ ነገር ግን መሃላቸው ነበር። እናቱ ወይዘሮ ሀፊዛ ሲግናል ባለ ፎቅ ናቸው። ስለ ሳምራ ሲነገራቸው «የጭቃ ቤት ልጅ» ብለው ዞር አሉ። እኔን ሳያዩኝ፣ ቤቴን ሳይረግጡ።

ታዲያ ሙአዊያ አንድ ቀን ካሜራ ይዞ ሊመጣ እንደሆነ ለሳምራ ነገራት። «ቤቱን ባዶውን ማንሳት አለብኝ፤ ዕቃው የእጅ ሥራውን ይሸፍነዋል። ፎቶውን ለእማዬም አሳያታለሁ» አላት። ልጄ ከዚህ ሁሉ የሰማችው የመጨረሻዋን ብቻ ነው። እየሮጠች መጥታ እግሬ ሥር ተቀመጠች።

«እማ፣ እናቱ ቤታችንን ልታየው ነው።»

እኛ ዘንድ ይህ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት የልጅቷ ቤት ይታያል። በቀጥታ አይባልም፤ አንዷ ዕቃ ልትዋስ፣ አንዷ የታመመ ልትጠይቅ ብላ ትገባና ዓይኗን ትጥላለች። ባለ ፎቋ ደግሞ ዳገት መውጣት ከብዷቸው በፎቶ ሊያዩ ነው፣ አልኩ። ይዩዋ። የማን ቤት ልጅ እንደሆነች ይዩ።

ያለንን ሁሉ አወጣን። ፍራሹን፣ ትራሱን፣ ቁምሳጥኑን፣ ቢጫ ጀሪካኖቹን፣ የጋሽ ጉደታን አልጋ ከነሬዲዮው። ሣራ ግቢ ከምረን ላስቲክ አለበስነው። የሚያፈሰው ጣራ ሥር ያስቀመጥኩትን ሳፋ ሳይቀር አነሳሁ። ወለሉን በሰም ፈተግነው፤ ሳምራ በጉልበቷ እየሄደች፣ እያንጎራጎረች። ሲያልቅ ፊታችን ይታይበት ነበር። ሰው ኖሮበት የሚያውቅ አይመስልም። እኔ የዒድ ቀሚሴን ለብሼ ምሰሶው አጠገብ ቆምኩ።

ሙአዊያ ካሜራውን አነሳና ፈገግ አለ። «እማማ፣ እርስዎን ለብቻዎ አነሳዎታለሁ። አሁን ቤቱን ብቻ።»

ዘወር አልኩለት።

ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን በማር የራሰ ሙሸበክ ይዞ መጣ። «ቤቱ ቅርስ ተብሏል፣ አይፈርስም» አለ። እልል አልኩ። ጋሽ ጉደታ በኦሮምኛ መረቀው። ሳምራ ደግሞ ሙሸበኩን እንደያዘች ረስታው፣ ማሩ በክንዷ ላይ ይወርድ ነበር። እንደዚያ ቀን ቆንጆ ሆና አይቻት አላውቅም።

*

የዛሬውን ልንገራችሁ። ጠዋት በረንዳው ላይ ሽንኩርት እየላጥኩ ሳለሁ ቆርቆሮ የጫነ መኪና በራችን ላይ ቆመ። ሠራተኞች ወረዱ። አለቃቸው ሌንጮ ይባላል፤ ወፍራም፣ ፊቱ ክፉ ያልሆነ ሰው። ደረጃውን ወጥቶ ሲያየኝ ደነገጠ።

«እማማ፣ እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«ሽንኩርት እልጣለሁ። አንተስ?»

«ቤቱን ልናጥር ነው። ሰው የለበትም ተብለን ነው የመጣነው።»

«እኔ ምን ሆኜ ነው ታዲያ?»

እግሬን አየ። ሽንኩርቱን አየ። «ጥበቃ ነዎት?»

«ሙሽራ ሆኜ ነው እዚህ የገባሁት። ጥበቃ ከሆንኩ ደሞዜን የበላው ማን ነው?»

ሠራተኞቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። «እናቴ፣ ሰው እንዳለ አልተነገረንም። ፎቶውን ራሴ አይቼዋለሁ፤ አንድ ሳህን እንኳን የለም።»

ከዚያ ሠራተኞቹ ባነሩን ዘረጉት፤ አጥሩ ላይ የሚሰቀለውን። ሥዕሉ ላይ ቤቴን ቀለም ቀብተው ካፌ አድርገውታል። በረንዳው ላይ ጥላ ተተክሎ፣ መነጽር ያደረጉ ሴቶች ማኪያቶ ይጠጣሉ። ጥግ ላይ ደግሞ የሳሎኔ ፎቶ ነበር፤ ባዶ፣ ወለሉ የሚያንጸባርቅ።

ያ የእኔ ሰም ነው። የልጄ ጉልበት ነው።

ሳምራ ድምፅ ሰምታ ወጣች። ባነሩን ለረጅም ጊዜ አየችው፤ እኔን ግን አላየችኝም። «እኛስ ወዴት እንሄዳለን?» አለችው ሌንጮን፣ መንገድ እንደሚጠይቅ ሰው ቀስ ብላ።

«ምትክ ቤት አልደረሳችሁም?»

«ቅርስ ነው፣ አይነካም ስለተባልን አልተመዘገብንም።»

ሌንጮ አንገቱን አከከ። «እህቴ፣ ቤቱ አይነካም። ግን ሰው የለበትም ከተባለ ምትክ ለማን ይሰጣል?»

ጋሽ ጉደታ ከታች ወጥቶ፣ ሬዲዮውን በብብቱ ይዞ፣ ምን እንደተባለ ጠየቀኝ። «የሉም አሉ» አልኩት።

«ማ?»

«እኛ።»

ራሱን ነቀነቀ። «እኔስ ድሮም ጠርጥሬ ነበር» አለ። ቀልዱ መሆኑን አውቃለሁ። ሬዲዮውን ግን ከብብቱ ወደ ደረቱ አስጠጋው።

ሳምራ ስልኳን አውጥታ ሙአዊያ ጋ ደወለች። የተናገረችው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ና» አለችው። ከዚያ በረንዳው ላይ ቆማ ቁልቁለቱን ማየት ጀመረች፤ ሻሿን እየፈታች፣ መልሳ እያሰረች። ጀርባዋን ሳየው ገና አላመነችም ነበር። ሲመጣ «ስህተት ነው» ይለኛል ብላ የምትጠብቅ ሰው ጀርባ ነው።

*

መጣ። ቆርቆሮውን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ግን አልገረመውም። እኔ ያየሁት ያንን ነው። ሳምራም አየችው።

«ዛሬ እንደሚመጡ አላወቅኩም» አለ፣ ደረጃው ሥር ቆሞ። «ቀድሜ ልነግርሽ ነበር። ወደ ውስጥ ግቢና ላስረዳሽ።»

«የት ልግባ? ባዶ ነው እኮ።»

ዓይኑን ወደ ቆርቆሮው መለሰ።

«ሰው እንዳለበት አልነገርካቸውም?»

«ሳምራ፣ ስሚኝ። ሰው አለበት ካልኩ ጉዳዩ ይንጓተታል። ማን ይውጣ፣ የት ይሂድ ሲባል አፍራሹ ይደርሳል። ከወንዙ ማዶ የነበረው ባለ ሰገነት ቤት እንደዚያ ነው ዓይኔ እያየ የፈረሰው። ይህንን ማጣት አልቻልኩም። አድኜዋለሁ እኮ። ቤትሽን አድኜልሻለሁ።»

«እንጨቱን ነው ያዳንከው።»

«ይህ እንጨት መቶ ዓመት...»

«አያቴ እንጨቱ ላይ ነው ያለችው። ታያታለህ?»

አየኝ። ዓይኑን ሰበረ። በሩ ላይ ነበርኩ፤ ቢላዬ አሁንም እጄ ላይ ነው። መናገር ፈልጌ ነበር። ምላሴ ላይ የነበረውን ብናገረው ሣራ አትጽፈውም። ግን ንግግሩ የልጄ ነውና ዋጥኩት።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለች።

«ብነግርሽ እሺ አትይም ነበር።»

ሳምራ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። «እሺ እንደማልል ካወቅህ ታውቀኛለህ ማለት ነው» አለችው። «ሳታውቀኝ ብትበድለኝ ይሻለኝ ነበር።»

«ላገባሽ ነው እኮ!» ብሎ ደረጃውን ወጣ። «እማማ መብሩካንም ከእኛ ጋር እወስዳለሁ ብዬ ነው። ሁሉንም አስቤበታለሁ። ሽማግሌ እሑድ ይመጣል። እማዬም እሺ ብላለች።»

ይህንን ስትሰማ ቀና አለች። አላህ ይቅር ይበላት፣ ደስታ መሰል ነገር ፊቷ ላይ ብልጭ ሲል አየሁ። «ፎቶውን አየችው?»

«አየችው። ቤቱን ወደደችው።»

«እኔንስ?»

መዋሸት ይችል ነበር። ያን ጊዜ እንኳ ቢዋሽ ኖሮ። «‹ከዚያ ቤት ከወጣች ችግር የለም› አለች» አለ፤ ጥሩ ወሬ እንደሚያበስር ሰው።

ጋሽ ጉደታ ከታች ጮክ ብሎ፣ «ይቅርታ ኢንጂነር» አለ። «ልጅቷን አንተ ታገባታለህ። መብሩካን ትወስዳታለህ። እኔን ማን ያገባኛል?»

ሠራተኞቹ ሊስቁ ጀምረው ተዉት። ሙአዊያ ጋሽ ጉደታን አየው፤ ረስቶት ነበር። የሰውየውን ክፍል ለክቷል፣ መስኮቱን ሥሏል፣ ሻዩንም ጠጥቷል። ሰውየውን ግን ረስቶታል። ሳምራ ይህንንም ፊቱ ላይ አነበበች። እኔ ፊደል አላውቅም፤ እኔም አነበብኩት።

«የሜትሩን ጫፍ ያዢልኝ ያልከኝ ቀን» አለች ሳምራ፣ «እጄ እንዳይንቀጠቀጥ ስጠነቀቅ ነበር፤ ልኩ እንዳይሳሳትብህ። ቤታችንን ስትወስድብን ጫፉን የያዝኩልህ እኔ ነኝ።»

ልጁ አለቀሰ። ውሸት እንባ አልነበረም፤ እኔ ውሸቱን እለያለሁ። እያለቀሰም እጁ ምሰሶውን ይዞ፣ ጣቱ በሐረጉ ቅርጽ ላይ ይሄድ ነበር።

*

«ካሜራህ መኪና ውስጥ አለ?» አለችው።

«አለ።»

«አምጣው።»

ፍራሾቹ ሳሎን ውስጥ እንደተዘረጉ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ጀሪካኖቹን በረንዳው ላይ ደረደረች። የታጠበውን ልብስ ከገመዱ አላነሳችም። ሳፋው እዚያው ይሁን አለች። ጋሽ ጉደታ ከነሬዲዮው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ እኔ ምሰሶው አጠገብ ቆምኩ፣ በቤት ቀሚሴ፣ ሽንኩርት እየሸተትኩ። ሳምራ ጎኔ መጥታ ክንዴን ያዘች። ክንዷ እንደ በረዶ ነበር።

«እንዳለን አንሳን» አለችው። «ወስደህ አሳያቸው። ‹ሰው አለበት፣ ዋሽቼ ነበር› በላቸው። በአፍህ በላቸው። ያኔ አነጋግርሃለሁ።»

«ከሥራ ያባርሩኛል።»

«አውቃለሁ።»

ከዚያ እንባውን በእጅጌው ጠርጎ፣ «እሺ» አለ። ወላሂ፣ እሺ ሲል ልቤ ራራለት። የሳምራም ክንድ እጄ ውስጥ ሲሞቅ ተሰማኝ። ይህ ልጅ ገና ሰው ይሆናል፣ አልኩ በሆዴ። ሳምራ ትንፋሿን ይዛ ታየዋለች፤ ያየሁትን ዓይን ልነግራችሁ አልችልም። የመጀመሪያ ቀን፣ ሜትሩ ተወጥሮ ያየችው ዓይን ነው።

ካሜራውን አነሳ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ጎንበስ አለ፣ ቀና አለ። ሥራው ውስጥ ገባ።

«እማማ» አለ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ ዓይኑን ከካሜራው ሳይነቅል፣ «ከምሰሶው ትንሽ ዘወር ይበሉልኝ። ቅርጹን ሸፍነውታል።»

የሌንጮ ሠራተኞች ቆርቆሮ ማውረዱን ተዉት። እሱ ምን እንዳለ አላወቀም፤ አሁንም በአንድ ዓይኑ እያየ፣ እኔ እስክሄድለት እየጠበቀ ነበር።

ሳምራ ሳቀች። ቀስ ብላ፣ ብቻዋን እንዳለች። ከዚያ ካሜራውን አወረደና ፊቷን ሲያይ የተናገረው ደረሰው።

«እንደሱ ማለቴ አይደለም» አለ።

«አውቃለሁ» አለችው። «ለዚህ ነው የገባኝ።»

ሌንጮ ወደ እኛ ቀረበ። «እኔ ላንሳችሁ» ብሎ የተሰነጠቀ ስልኩን አወጣ። አላስተካከለም፣ አላጎነበሰም። ኋላ ሲያሳየን ጣራው ተቆርጧል፣ ምሰሶው ዘሟል፣ ጋሽ ጉደታ ዓይኑን ጨፍኗል። ሁላችንም ግን አለን። «ሰው አለበት ብዬ ይህንን አሳያለሁ» አለ። «ነገ ሌላ ሰው ይልኩ ይሆናል፤ እኔ ግን ዛሬ ሰው ላይ ቆርቆሮ አልመታም።» ባነሩን ጠቅልለው ሄዱ።

ሙአዊያ አልሄደም። ሳምራ እንዲናፈስ በረንዳው ላይ የወጣውን ትርፍ ፍራሽ ልታስገባ አንዱን ጫፍ አነሳች። እሱ ፈጥኖ ሌላውን ጫፍ ያዘ። እንደዚያ ቆሙ፤ አንዱ ጫፍ በእሷ እጅ፣ ሌላው በእሱ። እሷ ጫፉን አየችው። ከዚያ ለቀቀችው። ፍራሹ መሃላቸው ወደቀ።

«ተወው» አለችው። «ጋሽ ጉደታ ይይዝልኛል።»

ደረጃውን ሲወርድ ወደ ኋላ አላየም፤ ወይም አይቶ ይሆናል፤ እኔ የማየው እሷን ነበር።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ከእንጦጦ ወረደና ሳፋው ውስጥ መንጠባጠብ ጀመረ። ሳምራ ፍራሹ ላይ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ተቀመጠች። ያ ግድግዳ ነው። አላለቀሰችም። እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ጭቃውን እየዳበሰች፣ ወደ እኔ ሳትዞር ጠየቀችኝ።

«እማ፣ ይህንን ግድግዳ እየደጋገመ ሲለካው... ያም ውሸት ነበር?»

ለማንም መልስ አጥቼ አላውቅም። ለቀበሌውም፣ ለሌንጮም መልስ ነበረኝ። ልጄ አጠገብ ሄጄ ተቀመጥኩ፣ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አስተኛሁትና ዝናቡን ሰማን። ውሸት ነበር ብላት ራሴ አላምነውም። እውነት ነበር ብላት ደግሞ ነገ በሩ ላይ ሲቆም ትከፍትለታለች።